አክስቴ ዘግይታ የተማረችው ግሥ

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በማታውቀው ቋንቋ ስትጽፍ ኖረች። ቀልድ አይደለም። ሰነድ ከሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የፎቶኮፒ ማሽን ብቻ በሚችል ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒውተር፣ የእንግሊዝኛ ቅጽና ደብዳቤ ትጽፋለች። አንድ ፊደል አትስትም። የጻፈችው ምን ማለት እንደሆነ ብትጠየቅ ግን ትከሻዋን ነቅነቅ ታደርጋለች። “አየዋለሁ እንጂ አላነበውም” ትል ነበር፤ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ንድፉን እያየች እንደምትጠልፈው ማለቷ ነው።

ጣቶቿ ሲንጣጡ ድምፁ መንገድ ድረስ ስለሚሰማ ደንበኞች መትረየስ የሚል ስም አወጡላት። እሷም ስሙን ወደደችው። “መትረየስ አለች?” ብሎ የሚገባ ሲኖር “አለች፤ ጥይት ይዘህ መጥተሃል?” ትለዋለች፤ ጥይት የምትለው የሚጻፈውን ረቂቅ ነው።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞትብኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ እጇ ላይ ወደቅኩ፣ እስከ ዛሬም ከቤቷም ከሱቋም አልወጣሁም። ፎቶኮፒውና ላሚኔሽኑ የእኔ ሥራ ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ ለምን እያሉ ለሚነዘንዙኝ “ጠባዬን አታዩትም?” እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። ንዴቴ ቅርብ ነው፣ የተናገርኩትንም አላጥፍም። ስለ መንፈስና ስለ ምልክት የሚያወራ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለውን የሚያወራላችሁ ማን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

አክስቴ አንድ ልጅ ነበራት። ማሙሽ ነበር የምንለው፤ ጢም አውጥቶም ማሙሽ እንደሆነ ቀረ። ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል፤ አብረን ነው ያደግነው፣ እየተደባደብን ማለቴ ነው። መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ሄደ። ሁለት ዓመት ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን መርከቧ አንድ ወደብ ስትደርስ ማሙሽ ውስጧ የለም። ሲወድቅ ያየ የለም፣ ሲወርድ ያየ የለም። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፣ አለ ብሎም ያበሰረን የለም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ በየቀኑ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የግቢያችን የብረት በር ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ ትሰማለች። የያዘችውን ታስቀምጥና ትወጣለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ግራና ቀኝ ታያለች፣ ትመለሳለች። “ገና ነው” ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳታጓድል። እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። “ነፋስ ነው እትዬ” እላታለሁ፤ ሲብስብኝ ደግሞ “ጆሮሽን ታከሚ!” እላታለሁ። አትቆጣም። እራቷን የምትበላው ግን ከበሩ ከተመለሰች በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። ላኪው ማሙሽን የቀጠረው የመርከብ ድርጅት ነው። እኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስላለችኝ እንደምንም አነበብኩላት። መጋዘን ሲያጸዱ በልጇ ስም የታሰረ ሳጥን አግኝተዋል፤ ሳጥኑን ለመላክ አብሮ ያለው ቅጽ ባዶ ቦታው ተሞልቶ፣ በንጹሕ ተጽፎና ተፈርሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ፖስታ ቤት ይግባ፤ ካልገባ ሳጥኑ ይወገዳል ይላል።

አክስቴ ደብዳቤውን ከእጄ ቀምታ አሸተተችው። እንባዋን ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ጎተተችና ቅጹን መጻፍ ጀመረች። መትረየሱ ተንጣጣ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ከዚያ ቀጥ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሃል ላይ ስትቆም ሰምቼ ስለማላውቅ ቀና አልኩ። ጣቶቿ አየር ላይ ቀርተዋል።

“ይሄ ቃል ምንድነው?” አለች።

ሄጄ አየሁት። ሪሊንኲሽ ይላል። እኔም አላውቀውም።

“ምን አገባሽ? በቀን አሥር ጊዜ ስትጽፊው አልነበር እንዴ? ጻፊና ሳጥንሽን ተቀበዪ።”

“ለዚያ እኮ ነው። ይሄን ቃል የሚያስጽፉ ሰዎች ሲወጡ በሩን አይዘጉም። ሁሌ ተነስቼ የምዘጋው እኔ ነኝ። ልብ ብለሽ አታውቂም?”

ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አየሁ። ዜግነቱን የሚተው ሰውዬ፣ የአሳዳጊነት መብቷን የምትተው ሴትዮ፣ ሁሉም ወረቀቱን ይዘው ይወጣሉ፣ በሩም እንደተከፈተ ይቀራል። አጋጣሚ ነው አልኩ።

ከሱቃችን የማይጠፋ አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር አለ፤ ጋሽ መዝገበ ቃላት እንለዋለን። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ጋዜጣችንን በነፃ ያነባል፣ የደንበኞቻችንን ስህተት በቀይ ብዕር ያርማል፣ ማንም ሳይጠይቀው። በማግስቱ ገና ባርኔጣውን ሳያወልቅ አክስቴ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

“ወይ ጉድ!” አለ ደስ ብሎት። “ይሄ እንኳ ኮት ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ ግሥ ነው። ለገበያና ለኩሽና አይሆንም። ሥልጣን፣ መብት፣ ይዞታ፣ ተስፋ፣ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲኖር ነው የሚጠሩት።”

“ትርጉሙስ መምህር?”

“መልቀቅ ነው። ግን ስሚኝ፤ መጣል አይደለም፣ መርሳት አይደለም፣ መነጠቅም አይደለም። የያዝሽውን ነገር፣ ወደሽም ይሁን ከፍቶሽ፣ እያወቅሽ፣ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ፈትተሽ ስትለቂው ነው። ያልያዝሽውን አትለቂም። ከለቀቅሽው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀበል አለ፤ ለማን እንደለቀቅሽ ይነገራል።”

አክስቴ መዳፏን አየችው። “እንግዲያው ይሄ ወረቀት ማሙሽን ልቀቂ ነው የሚለኝ?”

መምህሩ ቅጹን አነበበና መነጽሩን አወለቀ። “በልጅሽ ላይ ያለሽን መብት ሁሉ፣ የመጠየቅም፣ የመፈለግም፣ ለድርጅቱ ልቀቂ ነው የሚለው” አለ ቀስ ብሎ። “የሕግ ቋንቋ ነው እህቴ። ልብሽ ላይ የሚደርስ ነገር የለውም።”

“የማላውቀውን ቃል አልፈርምበትም። አስተምሩኝ።”

መምህሩ አንድ የማስተማር ዘዴ ነበረው፤ አርባ ዓመት ተማሪ ያሰቃየበት። ቃል የራስህ የሚሆነው በአሥር ዓረፍተ ነገር ስትጠቀምበት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ከራስህ ኑሮ የወጣ እውነት መሆን አለበት። የውሸት ምሳሌ አይቀበልም። እሷ ምን እንደምትል በአማርኛ ትነግረዋለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያሳያታል፣ እሷ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበሬን ለእህቴ ልጅ እለቃለሁ” የሚል ነበር። ሳቅን። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ አክስቴ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ወንበር ሄዳ ቁጭ አለች።

“ምነው እትዬ፣ ቦታሽን ተሳሳትሽ?”

“የምን ቦታ?”

“መስኮቱ ጋ ያለውን ነዋ! ሠላሳ ዓመት የተቀመጥሽበትን!”

“እሱማ የአንቺ አይደል እንዴ?” አለችኝ፤ ፊቷ ላይ አንዲት የቀልድ ምልክት የለም። የምትዘብትብኝ መስሎኝ ሄጄ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። የወንበሩ ጎድጓዳ የእሷ ቅርጽ ነበረው። እኔን ልክክ አለኝ፤ ይሄን አልወደድኩትም።

ሁለተኛው ስለ ትከሻዋ ነበር። ቀኝ ትከሻዋን ሰባት ዓመት ያማታል። “የትከሻዬን ሕመም እለቃለሁ” ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ ብዕሩ ከበበው። “ለማን?”

“ሕመም ለማን ይሰጣል መምህር? የሰው ግፍ ልግባ እንዴ?”

“ግድ የለም፣ ለእኔ አድርጊው” አለ እየሳቀ። “ምሳሌ አይደል?”

በማግስቱ መምህሩ የመጣው ቀኝ እጁን በሻርፕ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ባርኔጣውን በግራ እጁ ለማውለቅ ሲታገል እኔ አወለቅኩለት። አክስቴ በዚያ ጊዜ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ እሽግ ወረቀት በሁለት እጇ እያወረደች ነበር። “ምን ነካዎት መምህር?” አለችው በርኅራኄ። ትከሻውን ያዝ አድርጎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። “ብርድ ነው” አለ።  እኔም ብርድ ነው አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛውን ያጻፍኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ገና ሲበቅል ካልነቀሉት ሥር ይሰዳል ብዬ ነው። ማንም ሊገምተው የማይችል ነገር መረጥኩ። “ቀዩን ጃንጥላዬን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ እለቃለሁ በይ” አልኳት። ጃንጥላው ቤት ነው ያለው፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፤ ማሙሽ ከመጀመሪያ ደመወዙ ልኮላት ስለምትሳሳለት አንድም ቀን ይዛው አልወጣችም። ጻፈች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች፣ አፏ መርፌ እንደያዘ። “እናንተ፣ ቀይ ጃንጥላዬን እዚህ ትቼ ነበር?” አለች።

“የምን ጃንጥላ?” አልኳት። 

“ቀዩ ነዋ! ያ አንዱ ጎኑ ተቀድዶ በሰማያዊ ክር የጠቀምኩት።”

በሰማያዊ ክር የጠቀመችው አክስቴ ናት። ቤታችን፣ የእራት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ስትጠቅመው አይቻለሁ። አክስቴን ዞር ብዬ አየኋት። “ቤት አይቼዋለሁ፤ ነገ አምጪላት እንጂ፣ የሰው ዕቃ” አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ አመስግና ሄደች። መምህሩ መዝገበ ቃላቱን ዘጋው። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ፣ በመፍራቴም ተናደድኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ቀን አይታው ይሆናል፣ ታስታውሰው ይሆናል እያልኩ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። ሰው ያላመነበትን ነገር ለማስረዳት የሚደክመውን ያህል ለምንም አይደክምም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ትምህርቱን አቋረጠ። “እህቴ፣ ይሄን ቅጽ አትፈርሚ” አላት። “አርባ ዓመት ይሄን ግሥ አስተምሬያለሁ፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ከመጽሐፍ ነበር የሚጽፉት። አንቺ እጅሽ ሌላ ነው። ለድርጅቱ ብለሽ ከጻፍሽ ልጅሽ የድርጅቱ ይሆናል።”

“ሳጥኑስ?” አለች። “ልብሱ አለበት። ሽታው ይኖርበት ይሆናል። ይጣል?”

 የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት እንደዚያ ሄዱ። አክስቴ ቅጹን ትከፍታለች፣ ግሡ ጋ ትደርሳለች፣ ትቆማለች። ደንበኛ ሳይስተናገድ ተመለሰ። መትረየስ ዘጋች ተባለ። እራቷን መብላት ተወች፤ አመሻሹ ላይ ወደ በሩ ትሄድና እዚያው ቆማ ትቀራለች፤ እጇን ይዤ ነው የማስገባት። ክንዷ ከእጄ ውስጥ ቀጭን ሆኖብኝ ነበር። ሳጥኑን ብትተው ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ባሕር ላይ መጣሏ ነው፤ ብትፈርም ለማታውቀው ሰው ማስረከቧ ነው።

የወሩ የመጨረሻ ቀን የፖስታ ቤቱ መስኮት አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። አክስቴ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣለች። መምህሩ ጥጉ ላይ ትከሻውን ይዞ ተቀምጧል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ፣ ከውስጥ የእሷ ትንፋሽ። በቃኝ።

“እትዬ፣ በቃ! ለድርጅቱ የሚለውን አጥፊውና ለእኔ ብለሽ ጻፊው! እነሱ ፊርማሽን እንጂ ሌላውን አያዩትም። ሳጥንሽን ተቀብለሽ እንገላገል!”

 አክስቴ ቀስ ብላ ዞረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

“ለአንቺ?”

“አዎ ለእኔ!”

“ትችዪዋለሽ?”

“ምን ይከብዳል!” አልኩ።

መምህሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ “አንቺ ልጅ፣ እረፊ” አለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አክስቴ ፊቴን ትንሽ ተመለከተችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “ለአንቺ ከሆነ እንኳ ከቤት አይወጣም” አለች። “ደክሞኛል ልጄ። በክፉ አትዪብኝ፤ በጣም ነው የደከመኝ።” ከዚያ ጻፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳየኋት በፍጥነት አልነበረም፤ አንዷን ፊደል ጨርሳ ሌላዋን፣ ጣቶቿን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው እየፈታች። በልጄ ላይ ያለኝን ሁሉ ለእህቴ ልጅ እለቃለሁ። ፈረመች፣ ማህተም አስመታሁ፣ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አስገባሁት። ስመለስ የሱቃችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አክስቴም ወደ ቤት ሄዳለች። መምህሩ ብቻውን ቆሞ በሩን ያያል።

ቤት ስደርስ አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች። እሷ ስታንጎራጉር የሰማሁት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም። እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ያን ጊዜ በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

በግልጽ። ብረት በቁልፍ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። አክስቴን አየሁ። ቢላዋዋ እንኳ አልቆመም።

“እትዬ፣ በሩ እኮ...”

“ነፋስ ነው” አለችኝ ቀና ሳትል።

እግሮቼ ሳላዛቸው ሄዱ። ከፈትኩ። ግራና ቀኝ አየሁ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ አንድ የቆመ ብስክሌትና የማታ ብርሃን ብቻ። ደረቴ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ተከፍቶ አልዘጋ አለ። ስመለስ ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው፤ ገና ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ማሙሽን ሁሌም እወደው ነበር፣ እህት ወንድሟን እንደምትወደው፣ እየሰደብኩት። አሁን ግን በአራት ወሩ ሳል ይዞት ሲያድር የተነፈሳትን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ያን ጊዜ እኔ ገና አራት ዓመቴ ነበር፣ ሌላ ቤት ነበርኩ። ጡት ሲነክስ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ያልወለደው ወገቤ ምጡን ያውቀዋል። ስብሰባ ላይ እንደተረሳ ሰው ቁጭ ብዬ ሳለሁ ድንገት “በልቶ ይሆን?” እላለሁ። አክስቴ ደግሞ ፋፋች። ሰባት ሰዓት ሙሉ ትተኛለች፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ትሳሳቃለች፣ መትረየሱ እንደ ድሮው ይንጣጣል። ስታየኝ “ምነው ከሳሽ? ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ” ትለኛለች። መምህሩን አንድ ቀን ብቻውን አግኝቼው “መልሼ ልጻፍላት?” አልኩት። “ትችያለሽ” አለኝ። “ግን ስትስቅ አይተሻታል?” አይቻታለሁ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩት።

ሳጥኑ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አክስቴ ሻይዋን ይዛ በጉጉት መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ሰው የጎረቤቱን ዕቃ ሲፈታ ለማየት እንደሚመጣው። ሁለት ሸሚዝ፣ የዘይት ጠባሳ ያለበት ሱሪ፣ የመላጫ መስተዋት፣ አንድ አረንጓዴ ሹራብ። ሹራቡን አንስቼ ፊቴን ቀበርኩበት። ሽታው ነበረበት። ድምፅ ሳላወጣ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ።

አክስቴ ደንግጣ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። “አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ” አለችኝ። ከሳጥኑ ሥር አንድ ፎቶ አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ትከሻው ላይ የእናቱ እጅ ይታያል፤ የእጁ ባለቤት ከፎቶው ውጪ ቀርታለች።

“እንዴት ያለ ደስ የሚል ልጅ ነው!” አለች። “የማን ነው?”

ያንቺ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁ። የቀድሞው ሽብሽብ እንኳ ከግንባሯ ላልቷል።

“የእኔ ነው” አልኳት።

“ያሳድግልሽ” አለችና ፎቶውን መለሰችልኝ።